ስምንት ሰው የሚያስተኛ ተሳቢ

ሰኞ፣ ጁን 3

ሲያካፋ ዋለ። የምሠራበት የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ። አንዱ የኮምባይነር ቺንጋ ፈልጎ፣ አንዱ ኩሽኔታ ሊመልስ፣ ሦስተኛው ከዝናቡ ሊጠለል። ብዙ የቆየው ሦስተኛው ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ሃይብሪድ አገኘሁ። አራት ተደራራቢ አልጋ፣ ሁለት መቶ ሊትር ውኃ፣ ከጎን እንደ መሳቢያ የሚወጣ ማድቤት። ቁጥር አርባ ሰባት ብዬ መዘገብኩት። ተሳቢ የምመዘግብበት ሦስተኛው ደብተር ሊያልቅ ስድስት ገጽ ቀርቶታል።

ቤት ስገባ ኬሪን ከእናቷ ጋር ስልክ ላይ ነበረች። መግባቴን አላየችም። “ሃይብሪድ ማለት ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ድንኳን የሆነ ተሳቢ ነው እማዬ። ባሌ ደግሞ ግማሹ ባል፣ ግማሹ ካታሎግ የሆነ ሰውዬ ነው።” እናቷ ሳቀች። እስከ በሩ ድረስ ተሰማኝ።

ቀላል ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ በገዛሁ። ግን ስምንት ነን። እኔና ኬሪን። ብሪዮኒ፣ አሥራ ሰባት፣ “መሬት ላይም ቢሆን እተኛለሁ፣ ብቻ ከካሉም ይራቅ” ባይ። ካሉም፣ አሥራ አራት፣ እግሩ በየወሩ ይረዝማል። መንትዮቹ፣ አሥር ዓመታቸው፣ ለየብቻ ሲያስተኟቸው ያለቅሳሉ፣ አንድ ላይ ሲያስተኟቸው ይደባደባሉ። ፍሊን፣ ስድስት፣ የትም ቢጥሉት ይተኛል። ስምንተኛው አባዬ ነው።

የጉዞው ሐሳብም የእሱ ነው፣ በአፉ አልወጣም እንጂ። ሠላሳ አራት ዓመት የእህል ማከማቻው ሲሎ በር ላይ ቆሞ ስንዴ የጫነ መኪና ሲመዝን ኖረ። ከእናቴ ጋር ወደ ምዕራብ ሄደው በአውስትራሊያ ደቡብ ዳር ካለው ከናላርቦር ገደል ላይ ዓሣ ነባሪዎቹን ሊያዩ ነበር። በጋ ሲሆን መኸር፣ ክረምት ሲሆን የእግር ኳስ ክለቡ ጸሐፊነት። ሳይሄዱ እናቴ ሞተች። እሱ ሰባ ዘጠኝ ሞላው፣ ጓሮአችን ባለችው ክፍል ገባ። የሚመጣው ዓመት እንወስደዋለን፤ አራት ወር እረፍት ጠይቄያለሁ። የቀረው ተሳቢውን መምረጥ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 8

ቤንዲጎ ሄድን፣ ስምንታችንም። ሻጩ ትሮይ የሚባል፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ጎረምሳ።

“ስንት ናችሁ ወንድሜ?”

“ስምንት።”

ሳቀ። ከዚያ ከመኪናው የሚወርዱትን ቆጠረ። መሳቁን ተወ።

“ሁለት ግዙ” አለ። የቀለደ አልመሰለኝም።

ትልቁን አሳየን። በወረቀት ላይ ለሰባት ነው፤ ጠረጴዛው ታጥፎ አልጋ ሲሆን ለስምንት ይሆናል። እንዲህ ያለውን በወረቀት ማመን ከባድ ነው። ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንተኛበት አልኩ። ትሮይ ጫማ አውልቁ አለ፤ አወለቅን። አሥራ ስድስት ጫማ በሩ ላይ ተኮለኮለ። የካሉም እግር በመስኮት ወጣ። ከመንትዮቹ አንዷ ሌላዋን ነከሰች። ብሪዮኒ ሸራው ክፍል ውስጥ ገብታ ዚፑን ከውስጥ ዘጋች። ፍሊን ሽንት ቤቱ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ እሱን የቆጠርኩት በኋላ ነው።

አባዬ ታችኛው አልጋ ላይ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። የውሸት አይደለም፣ የእውነቱን። ቀሰቀስኩት፤ አልነቃም። ትሮይን ስለ ባሌስትራው፣ ስለ ፍሬኑ፣ መኪናው ላይ ስለሚያርፈው የተሳቢው አፍንጫ ክብደት ስጠይቅ አርባ ደቂቃ ተኛ።

“ሽማግሌው ወደውታል ማለት ነው” አለ ትሮይ።

“ይኸው” አለች ኬሪን፣ “አንድ ሰው ወስኗል።”

አልገዛሁም። አፍንጫው መኪናው ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ያሳርፋል። የእኛ ላንድክሩዘር የሚሸከመው የሰዉንም የአፍንጫውንም ደምሮ ስድስት መቶ ሃምሳ ነው። ስንት እንደምንመዝን ሳላውቅ እንዴት ልግዛ? ስንመለስ ልጆቹ አጉረመረሙ። ጥያቄው ግን ትክክል ነው… አይደለም እንዴ?

ሰኞ፣ ጁን 10

የንጉሡ ልደት፣ በዓል። አባዬ ጋራዡ ድረስ ሻይ ይዞልኝ መጣ። ግማሹ መንገድ ላይ ፈሷል።

“መቼ ነው የሚገዛው?”

“ሲጣራ።”

“ምኑ ነው የሚጣራው?”

“ክብደቱ።”

ራሱን ነቀነቀ። ክብደት ሲባል የሚቃወም ሰው አይደለም። “ልክ ነህ” አለ። “ሳይመዘን የሄደ መኪና መንገድ ላይ ነው የሚያፍረው።” ተቀመጠ። አብሮኝ ጎማ ያያል ስል ጎማውን ሳይሆን እኔን ሲያይ ዋለ።

ቅዳሜ፣ ጁን 15

የሰው ሚዛኑን ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገባሁ። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ ስም፣ ኪሎ። ቤተሰቡ እንደ እስረኛ ተሰለፈ።

እኔ 96። ማንም አልሳቀም፤ ከመሳቅ የባሰ ነው። ኬሪን የጆሮ ጌጧን አወለቀች፣ ሰዓቷን አወለቀች፣ ትንፋሿን አወጣች፤ 71። ብሪዮኒ “በሩን ዝጉ፣ ቁጥሩን እኔው እጽፋለሁ” አለች፤ 60 ብላ ጻፈች። እግዜር ይወቅ። ካሉም ደረቱን ነፍቶ ወጣ፤ 58። መንትዮቹ 34 እና 33፤ በአንዷ ኪሎ እስከ ራት ተጣሉ። ፍሊን 22፣ ከነድመቷ 26።

አባዬ በዝናብ ኮቱና በቦት ጫማው መጣ። 81።

“ኮቱን አውልቅ እንጂ።”

“ለምን? መኪናው ውስጥ ራቁቴን ነው እንዴ የምቀመጠው?”

ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ጻፍኩለት። ድሮም ሰማንያ አንድ ነው። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ሰማንያ አንድ ነኝ እያለ ሲኮራበት ነው የማውቀው።

ድምር፦ 455። ለአፍንጫው የሚቀረን 195።

ማክሰኞ፣ ጁን 18

የቤንዲጎው ወደቀ። አፍንጫው ከባድ። ለኬሪን ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር፤ ማጠቧን ቀጠለች።

ቅዳሜ፣ ጁን 22

ፀሐይ ወጣች። ቤት ያለው ሚዛን ብቻውን አይበቃኝም። በሲሎው የመኪና ሚዛን እናረጋግጥ አልኩ።

“እስከዚያ ድረስ ምን አለፋህ?” አለ አባዬ። ከዚያ ጥቂት አሰበና “ይሁን” አለ። ኮቱን ሳይለብስ መጣ።

በአባዬ ቦታ ያለችው ልጅ ሻነን ትባላለች፣ እሱ ነው ሥራውን ያስተማራት። መጀመሪያ ባዶውን መዘነችልን፣ ነዳጁ ሙሉ፦ 2,780። ከዚያ ስምንታችን ገባን። መሆን የነበረበት 3,235። ሰሌዳው ላይ የወጣው 3,220።

አሥራ አምስት ኪሎ ጎደለ።

“ምንም አይደል” አለ አባዬ ከፊት ወንበር፣ “ይሄ ሚዛን በሃያ በሃያ ነው የሚዘለው።”

“ድሮ ነው እንጂ ክላሪ!” አለች ሻነን በመስኮቷ፣ አባዬን በስሙ ጠርታ። “ፋሲካ አካባቢ አዲስ ማሽን ገባልን። አሁን በአሥር ነው።”

“ጎሽ” አለ አባዬ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወርደን እንደገና ወጣን። 3,220። አንድ ጊዜ ደግሞ። 3,220። ከኋላችን ሦስት መኪና ተሰልፏል። ኬሪን “ዋሪክ” አለች፤ ስሜን ብቻ። ሄድን።

እሑድ፣ ጁን 23

ኪሎዎቹ የት ገቡ? መለዋወጫ ጎማውን አወረድኩ፣ መዘንኩ፣ መለስኩ። ክሪኩ አለ። የመሣሪያ ሣጥኑ አለ። ሁለቱም ጊዜ ከመኪናው አልወረዱም። ታዲያ?

ሰኞ፣ ጁን 24

የቤቱ ሚዛን ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሃያ ኪሎ የውሻ ምግብ ጫንኩበት። ሃያ አለ። አልተበላሸም። ይህ ነገሩን አባባሰው።

ረቡዕ፣ ጁን 26

ኬሪን የነገረችኝ ነገር ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ሲያብሰለስለኝ ዋለ። ጠዋት ጥርሷን እየቦረሸች ነው ያለችው።

“ሰው ክብደቱን ሲዋሽ ወደ ታች ነው የሚዋሸው። እኔ ራሴ… ተወው። ብሪዮኒም ዋሽታለች፣ እርግጠኛ ነኝ። ስለዚህ መኪናው ከብዶ ነበር መገኘት ያለበት። እናንተ ግን ቀለለ ትላላችሁ።”

“ስለዚህ?”

“ስለዚህ ወደ ላይ የዋሸ ሰው አለ። በዚህ ቤት ውስጥ ከበድ ብሎ መታየት የሚፈልግ ማነው?”

ካሉም ነው አልኩ። ደረቱን ሲነፋ አይቻለሁ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መዘንኩት፤ 58 ከግማሽ። ልጁ አድጎ ጠበቀኝ።

ዓርብ፣ ጁን 28

እንደሆነው ልጻፈው።

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከሰዓት ዝናብ መጣና ለአባዬ ኮቱን ልወስድለት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። የተሰቀለበት ሚስማር ጎብጧል። ኮቱን ሳነሳው እጄ ወደ ታች ሄደ። ሁለቱ ኪሶች ውስጥ ሁለት የሚዛን ድንጋይ። ብረት፣ ባለ አምስት ኪሎ፣ ጡረታ ሲወጣ ከአሮጌው ሚዛን ላይ በማስታወሻነት የሰጡት።

እዚያው ቆሜ ቀነስኩ። ድንጋዮቹ አሥር። ኮቱ ሦስት። ቦት ጫማው አንድ። ከሰማንያ አንድ ላይ ሲነሳ ስድሳ ሰባት። ከጎደለው አሥራ አምስት፣ አሥራ አራቱ ተገኘ። የአንዷን ኪሎ ባለቤት አልፈለግኩም።

አልጋው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር፣ በካናቴራ። ካናቴራው ሰፍቶታል። ከመቼ ጀምሮ ነው በካናቴራ ያላየሁት? ድንጋዮቹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኳቸው።

“አገኘሃቸው” አለ።

“አገኘኋቸው።”

“ስድስት ቀን ፈጀብህ። እኔ ብሆን የዚያኑ ዕለት ነበር የምይዘው።”

“ምንድን ነው አባዬ?”

“የቆሽት ካንሰር።” ልክ የመለዋወጫ ስም እንደሚጠራ። “ከማርች ጀምሮ። ቦውሊንግ እሄዳለሁ ስላችሁ ሐኪም ጋ ነበርኩ። አንድም ቀን ቦውሊንግ አልሄድኩም። እንደውም ጨዋታው አይጥመኝም።”

“መድኃኒት የለውም?”

“አለው። ሦስት ወር ይጨምርልሃል፣ ሦስቱን ወር ያስተኛሃል። አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ አልኳት ሐኪሟን።”

“ስንት ጊዜ አለችህ?”

“ገናን እንጃ አለች። ደህና ሴት ናት፣ አትደባብቅም።”

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ይህን ሲመልስ ነው ወደ እኔ የዞረው።

“ብነግርህ በነጋታው ሄደህ የማይረባ ነገር ትገዛለህ። እኔ እሄዳለሁ፣ ልጆቹ ሃያ ዓመት ያማርሩብሃል። ሦስት ዓመት ስትመርጥ የኖርከውን በእኔ ምክንያት እንድታበላሸው አልፈለግኩም።”

“የሚመጣው ዓመት እኮ ነበር የያዝነው።”

“አውቃለሁ። እስክትመርጥ እቆያለሁ ብዬ ነበር።”

አለቀስኩ። ከማዘኔ ማፈሬ ባሰ። እኔ አርባ ሰባት ተሳቢ እያነሳሁ ስጥል አባቴ ከጎኔ አሥራ አራት ኪሎ ከሳ፤ የማየው ግን የተሳቢ ክብደት ነበር። አባዬ ሬዲዮውን ቀነሰው። አልዘጋውም፣ ቀነሰው።

ቅዳሜ፣ ጁን 29

ለኬሪን ትናንት ማታ ነገርኳት። ወጥታ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። “ወደ ላይ የዋሸው ማነው ብዬ ቀለድኩ እኮ” አለች።

ጠዋት ለልጆቹ አባዬ ራሱ ነገራቸው፣ ቁርስ ላይ፣ ቅቤ እየቀባ። መንትዮቹ ተያይዘው አለቀሱ፣ ሳይደባደቡ። ካሉም ውሻውን ይዞ ወጣ። ብሪዮኒ “እና ጉዞውስ?” አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፍሊን ብቻ የራሱን ሐሳብ እያሰበ ነበር።

“አያቴ ከሳ ማለት ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ይበቃናል ማለት ነው?”

“ይበቃናል” አለ አባዬ። “እግርህ ካልቀዘቀዘ።”

ሰኞ፣ ጁላይ 1

ፋብሪካዎቹ ጋ ደወልኩ። ዛሬ ብታዝ ኤፕሪል ይደርሳል አለ አንዱ። ሌላው ሜይ። ለኪራይ ጠየቅኩ። ክረምት ነው፤ የሰው ሁሉ ተሳቢ ሰሜን ሙቀት ፍለጋ ሄዷል። ትሮይ ጋም ደወልኩ። ያ ትልቁ ተሸጧል።

“ስንት ሆነው ገዙት?” አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

“ሁለት። ጡረተኞች ናቸው።”

ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ገዛሁ።

ከኒል ከተማ ወዲያ ያለ ገበሬ፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ። የሚያስተኛው አምስት። ሸራው በሁለት ቦታ ተጥፏል፣ ውስጡ አይጥ አይጥ ይሸታል፣ ማድቤቱ የሚወጣው በእርግጫ ነው። ሠላሳ አንድ ጥያቄ የተጻፈበትን ወረቀቴን አውጥቼ እስከ አምስተኛው ጠየቅኩ። አምስቱንም ወደቀ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

“ስንት ናችሁ?” አለ ገበሬው።

“ስምንት።”

“ለአምስት እኮ ነው።”

“አውቃለሁ።”

በሃያ ደቂቃ አለቀ። ኬሪን ሲጎተት ከበሩ ላይ ቆማ አየችው። ታማርራለች ስል ሄዳ የአይጡን ፍራሽ አወጣችና ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። እኔና እሷ ድንኳን፣ ካሉም መሬት ላይ። ብሪዮኒ ሳትጠየቅ ማድቤቱን ማጠብ ጀመረች። አባዬ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጫማው መታ መታ አደረገ።

“የማይረባ ነገር ትገዛለህ ብዬህ አልነበረም?” አለ። ደስ ያለው ይመስላል።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ሳንመዘን አንሄድም አለ አባዬ። እሱ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። አፍንጫው ሁለት መቶ አምስት ኪሎ ወጣ። በወረቀቴ ድምር ስንደምረው 660፣ ከተፈቀደው አሥር ኪሎ በላይ። በእውነተኛው ክብደት ደግሞ ልናልፍ ትንሽ ሲቀረን ቆመ።

“አየሽ?” አለ አባዬ ለሻነን። “እኔ ባልከሳ ይሄ ቤተሰብ ቤቱ ቀርቶ ነበር።”

ሻነን ልትስቅ ወይ ልታለቅስ ጨነቃት። እኔ ሳቅኩ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፣ ኬሪንም። ሻነን የሚዛኑን ወረቀት ማኅተም መትታ ለእሱ ሰጠችው፣ ለእኔ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

ለትምህርት ቤት እረፍቱ ወጣን፣ ወደ ዓሣ ነባሪዎቹ። ተሳቢውን ዘርግቶ ማቆም አንድ ሰዓት ከሃምሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ወደ ኋላ ሳቆመው ኬሪን ግራ ስትለኝ፣ ካሉም ቀኝ ሲለኝ፣ የጎረቤት ሰፋሪ ወንበሩን አዙሮ እንደ ጨዋታ ይመለከተናል። በመጨረሻ አባዬ በትሩን ይዞ መጣ። ሁሉንም ዝም አሰኘ። ሠላሳ አራት ዓመት የስንዴ መኪና ሲያስገባ የኖረ ሰው በሁለት ጣት አስገባኝ። ከዚያ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ አልተነሳም።

ትልቁን አልጋ ስንሰጠው እምቢ አለ። መንትዮቹ ወረሱት። እሱ ከፍሊን ጋር ታችኛው አልጋ።

ሰኞ፣ ጁላይ 8

መጥፎ ቀን። አባዬ ምንም አልበላም። ከመኪናው ሁለት ጊዜ ወርዶ አስታወከ። ፍሊን የውኃውን ኮዳ ያዘለት። እንመለስ አልኩ ለኬሪን፣ በሹክሹክታ። ሰምቷል።

“ከተመለስክ ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው” አለ። “ደግሞ በዚህ ክብደቴ ነፋሱ ራሱ ያደርሰኛል።”

ነዳሁ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

አየናቸው።

ሜዳው ሄዶ ሄዶ ድንገት ያበቃል፣ ከሥር ባሕሩ። ነፋሱ ሰው ይገፋል። አባዬን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከእንጨቱ መሄጃ ጫፍ ላይ ወንበር አደረግንለት። አሥራ አንድ ዓሣ ነባሪ ቆጠርን፣ ስድስቱ ከነልጆቻቸው። አንዷ ከእኛ በታች መጥታ ተንጋለለች፣ ግልገሏ ሆዷ ላይ እየወጣ ይንሸራተታል። መንትዮቹ መጣላት ረሱ። ካሉም ስልኩን አላወጣም። እኔ… ምን ልበል። አምሮ ነበር። አባቴ እዚያ በመቀመጡ ደስ አለኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ባሕሩን ሲያይ ቆየ። ኬሪን ስለ እናቴ የሚያስብ መስሏት ትከሻውን ያዘችው።

“አርባ ስምንት ቶን” አለ በመጨረሻ።

“ምን?”

“ትልቋ። ከነልጇ ሃምሳ ትሞላለች።” ዓይኑን አላነሳም። “እናትህ ጆይስ ብታይ ኖሮ አጋነንክ ትለኝ ነበር።”

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

ጠዋት ተሳቢውን አጠፍን፣ በአርባ ደቂቃ። ትምህርት ሰኞ ይጀምራል። እኔም ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ዛሬ ወደ ቤት ካልተነሳን አንደርስም።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ቆምኩ። ቀኝ ወደ ቤት። ግራ ወደ ምዕራብ። ከኋላ የሚመጣ መኪና የለም፣ ከፊትም።

“አየሁ፣ በቃኝ” አለ አባዬ። “ልጆቹ ትምህርት አላቸው። ሂድ፣ ወደ ቤት ንዳ።” ግን እጁ የሚዛኑን ወረቀት ከነማኅተሙ ይዞ መስኮቱን ነው የሚያየው፣ በግራ በኩል ያለውን መንገድ።

በመስታወቱ ኬሪንን አየኋት። ትከሻዋን ብቻ ከፍ አደረገች። ግራ ጠመዘዝኩ።

“የት እንደምናድር አጥንተሃል?” አለች ብሪዮኒ ከኋላ።

“አላጠናሁም።”

“አንተ?”

“እኔ።”

ከዚያ ካሉም “ማን ነህ? አባታችንን የት አደረስከው?” አለ፤ ሳቁ ከኋላ እስከ ፊት ደረሰ። ነዳጅ ማደያው ጋ ስንደርስ ወደ አለቃዬ ደወልኩ። መቼ ትመለሳለህ አለኝ። እደውልልሃለሁ አልኩት።

ከሰዓት የክልሉ ድንበር ደረስን። እዚያ ፍራፍሬና ማር ማሳለፍ አይቻልም፣ ይፈትሻሉ። ተቆጣጣሪዋ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ ፖሞቹን አወጣች፣ የማር ጠርሙሱን አነሳች። ኮፍያዋን ከፍ አድርጋ ወደ ውስጥ ቆጠረችን።

“ስምንት? በዚህች?”

“በዚህች” አለ አባዬ።

ቅጽ አወጣች። “ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ስንት ጊዜ ትቆያላችሁ?”

ልጆቹ ወደ እኔ አዩ፣ እኔ ወደ ኬሪን፣ ኬሪን ወደ እሱ። አባዬ መስኮቱን እስከ ታች አወረደ።

“የቻልኩትን ያህል” አለ።

ልጅቷ አየችው። ጉንጩን፣ ብርድ ልብሱን፣ እላዩ ላይ ተደግፎ የተኛውን ፍሊንን። ቅጹ ላይ ምንም ሳትጽፍ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተችው። ማሩን ግን ወሰደችብን።